ፊደል የቆጠርን፣ ጫጩትም እንቁጠር
ለከላላና ለአካባቢው ገበሬዎች የቀረበ የጫጩት አመጋገብ ትምህርት



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጫጩት ነው። ‹‹ስለ ጫጩት ደግሞ ምን ትምህርት አለ? ዶሮ እንደሆነች ጭራ ታድራለች›› የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ዶሮ ጭራ ታድራለች። ጫጩት ግን ጭራ አታድርም። ጥፍሯ ገና አልጠነከረም። ጉሮሮዋ ጠባብ ነው። ከትልልቆቹ ጋር ተጋፍታ አትችልም።

እስቲ እንጠያየቅ። ባለፈው ዓመት በቤታችሁ የታቀፈችው ዶሮ ስንት ጫጩት ፈለፈለች? ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ለገበያ ደረሰ? መልሱን የሚያውቅ እጁን ያውጣ።

ብዙዎቻችን አናውቀውም። በሬ ቢሞት አገር ይሰማል። በግ ቢጠፋ ፍለጋ ይወጣል። ጫጩት ስትሞት ግን ማን ልብ ይላል? ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት እያለች ታልቃለች። ‹‹ጭልፊት ወሰዳት፣ ሽለምጥማጥ በላት፣ ዕድሏ ነው›› ይባላል። በዚያው ይረሳል።

ሒሳቡን እንሥራው። አንዲት ዶሮ 12 ጫጩት ፈለፈለች እንበል። በአገራችን ገጠር ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው መሞታቸው የተለመደ ነው። የ12 ግማሽ 6 ነው። ስለዚህ 6 ጫጩት ሞተ። ስድስት ጫጩት ማለት ስድስት ዶሮ ማለት ነው። ስድስት ዶሮ ከላላ ወይም መካነ ሰላም ገበያ ቢወጣ የልጆች ደብተርና እስክርቢቶ ይሆናል። ጨው፣ ሳሙናና በርበሬ ይሆናል። የዶሮ ገንዘብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእናቶች ገንዘብ ነው። እናት ማንንም ሳትለምን ጓዳዋን የምትሞላበት ገንዘብ ነው።

ጭልፊት ጫጩት አይወስድም አንልም፤ ይወስዳል። ግን ብዙ ጊዜ የሚወስደው የትኛዋን ነው? ወደ ኋላ የቀረችውን ነው። ክንፏን የጣለችውን፣ እናቷ ስትጠራት ሮጣ መድረስ ያቃታትን ነው። እሷን ያደከማት ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ረሃብና ብርድ ነው። ጭልፊቱ የመጣው በኋላ ነው።

የዛሬው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፦ ጫጩትን የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሳምንታት ለብቻዋ አብሏት፤ የሆነውንም ሁሉ በደብተር ጻፉት።

1. ጫጩት ለምን ትራባለች?

የዶሮ እንቁላል የሚፈለፈለው በ21 ቀን ነው። ጫጩቷ ከቅርፊቱ ስትወጣ በሆዷ ውስጥ ከእንቁላሉ አስኳል የተረፈ ስንቅ ይዛ ትወጣለች። ይህ ስንቅ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያቆያታል። እኛም ያልበላች ጫጩት ስትሮጥ አይተን ‹‹ደህና ናት›› እንላለን። ግን የምትሮጠው በስንቋ ነው። በሦስተኛው ቀን ስንቁ ያልቃል። እስከዚያ ድረስ መልቀምና መጠጣት ካልለመደች ትደክማለች። ስለዚህ ውኃና ምግብ ከተፈለፈለችበት ቀን ጀምሮ ከፊቷ ይቀመጥ።

ሌላም ምክንያት አለ። ጥሬ ስንበትን ቀድመው የሚደርሱት አውራ ዶሮውና ትልልቆቹ ዶሮዎች ናቸው። ለጫጩቷ የሚተርፋት ገለባው ነው። ጥሬው ቢደርሳትም ሙሉ የበቆሎ ፍሬ በጉሮሮዋ አያልፍም።

ሦስተኛው ምክንያት የምግቡ ዓይነት ነው። ‹‹ዶሮ ብታልም ጥሬዋን›› ይባላል። ትልቋ ዶሮ ጥሬ ታልም። ጫጩት ግን በጥሬ ብቻ አታድግም። ለምን? ቀጥለን እናያለን።

2. ጉልበት የሚሰጥና ሰውነት የሚገነባ ምግብ

ቤት ለመሥራት ደቦ ጠራችሁ እንበል። ሃያ ጎበዝ መጣ። ግን እንጨትም ማገርም ጭድም አልተዘጋጀም። ቤቱ ይሠራል? አይሠራም። ጉልበት አለ፤ የሚሠራበት ዕቃ ግን የለም።

የጫጩትም ነገር እንደዚሁ ነው። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴና ገብስ በአብዛኛው ጉልበት ሰጪ ናቸው። እንደ ደቦው ሰው ናቸው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ትል፣ ምስጥ፣ እንቁላልና አሬራ ደግሞ ሰውነት ገንቢ ናቸው። እንደ እንጨቱና እንደ ማገሩ ናቸው። ባለሙያዎች ይህን ገንቢ ነገር ፕሮቲን ይሉታል። ሥጋው፣ ላባውና ጥፍሩ የሚሠራው በፕሮቲን ነው።

ከመቶ እጅ ማሽላ ውስጥ ገንቢው 10 እጅ ያህል ነው። የጫጩት ምግብ ግን ከመቶው 20 እጅ ገደማ ገንቢ ይፈልጋል። ማሽላ ብቻ የምትበላ ጫጩት ከሚያስፈልጋት ገንቢ ግማሹን ብቻ አገኘች ማለት ነው። ሆዷ ይሞላል፤ አካሏ ግን አይጨምርም። ላባዋ ቶሎ አይወጣም። ላባ የሌላት ጫጩት ደግሞ ብርድ ይገድላታል።

ሦስተኛው በሽታ ተከላካይ ምግብ ነው። ይህ አረንጓዴ ቅጠል ነው። ጎመን ከትፋችሁ ስጡ። በደጋው ሳማ ሞልቷል። ሳማን ቀቅሉትና አድቅቃችሁ ከትፉት። ሲቀቀል አይለበልብም። ጫጩት ትወደዋለች።

3. ምግቡን እንዴት እናዘጋጅ?

ሚዛን አያስፈልግም። የቡና ስኒ በየቤቱ አለ። በስኒ እንስፈር፦

5 ስኒ ማሽላ ወይም ስንዴ፣
3 ስኒ የኑግ ፋጉሎ፣
2 ስኒ ባቄላ ወይም ሽምብራ።

ድምሩ 10 ስኒ ነው። ባቄላው ወይም ሽምብራው መጀመሪያ በምጣድ ይቆላ። ጥሬውን ከሆነ ለጫጩት ሆድ ይከብዳል። ከዚያ ሁሉም ይሰባበር፤ እንደ ቅንጬ ይድቀቅ። እንደ እንጀራ ዱቄት አይላም፤ የላመ ዱቄት አፏ ላይ ይለጠፋል። ፋጉሎውም በሙቀጫ ይወቀጥ።

በዚህ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የእንቁላል ቅርፊት ጨምሩ። ቅርፊቱ አስቀድሞ በምጣድ ይመሰና ይድቀቅ። ለአጥንቷ ነው። ጨው በሁለት ጣት ቆንጠር አድርጋችሁ ጨምሩ። ከዚያ አይለፍ። ጨው ሲበዛ ጫጩት ይገድላል።

እንዲህ የተዘጋጀ ምግብ ከመቶው 19 እጅ የሚጠጋ ገንቢ አለው። ማሽላ ብቻ ከመስጠት እጥፍ የሚጠጋ ነው።

ፋጉሎ ያላገኘ ሰው አይጨነቅ። እበት ሲገለበጥ የሚገኘውን ትል ይስጥ። ምስጥ ባለበት ቆላ አሮጌ ማሰሮ በእርጥብ ጭድና በእበት ሙሉና በምስጡ መውጫ ላይ ድፉት። ምስጡ ወደ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ለጫጩቶቹ አራግፉላቸው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ አንድ እንቁላል ቀቅሎ በደንብ አድቅቆ መስጠት ይቻላል። ‹‹እንቁላል ለጫጩት ማባከን ነው›› አትበሉ። አንድ እንቁላል ሰጥቶ ሁለት ዶሮ ማዳን ትርፍ ነው።

ተጠንቀቁ! ጓያ አትቀላቅሉ። ጓያ የሰውን እግር እንደሚያሽመደምድ ታውቃላችሁ። ለጫጩትም አይሆንም።

4. ስንት እንስጥ? መቼ እንስጥ?

ለ12 የአበሻ ጫጩቶች እንደ መነሻ በቀን ይህን ስጡ፦

በ1ኛው ሳምንት 2 ስኒ፣
በ2ኛው ሳምንት 3 ስኒ፣
በ3ኛው ሳምንት 4 ስኒ፣
በ4ኛው ሳምንት 5 ስኒ።

ይህ መነሻ ነው። ሳሕኑ ቶሎ ባዶ ከሆነ ጨምሩ። ከተረፈ ቀንሱ። የተረፈውን አንሱ፤ እርጥበት ካገኘው ይበላሻል። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ከእናታቸው ጋር ወጥተው ይለቅማሉ። ቢሆንም እስከ ስምንተኛው ሳምንት ጠዋትና ማታ ተጨማሪ አይለያቸው።

የቀኑን ምግብ በአንድ ጊዜ አትስጡ። ጫጩት ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ትበላለች። በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ ከፋፍላችሁ ስጡ። እናት ቡና ስታፈላ አንዱን ጊዜ በዚያ ታስታውሰዋለች። ልጆችም ይህን ሥራ ቢይዙት ያስለምዳቸዋል።

አገራችን ሐሩር ከሚባለው የምድር ክፍል ናት። ነገር ግን የከላላ ደጋ ሌሊት ይበርዳል። ወደ ጃማ ወንዝ ሸለቆ ዝቅ ሲሉ ደግሞ ቀኑ ይጋረፋል። ስለዚህ አመጋገቡም እንደየቦታው ነው። በቆላ ቀትር ላይ ጫጩት አትበላም፤ ታለከልካለች። ምግቡን በማለዳና ፀሐይ ስትበርድ አብዙላት። ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ አይለያት። በደጋ ደግሞ ማታ ሳትበላ አትደር። የበላች ጫጩት ሌሊቱን ትቋቋመዋለች።

5. የጫጩት ገበታ ለብቻው ይሁን

ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ሰፊ ቅርጫት ድፉ። ከሥሩ ሦስት ወይም አራት ድንጋይ አስገቡና ከፍ አድርጉት። ክፍተቱ ጫጩት የሚያሳልፍ፣ ትልቅ ዶሮ የማያሳልፍ ይሁን። ምግቡን ከቅርጫቱ ሥር አስቀምጡ። ጫጩቶቹ ሹልክ ብለው ይገባሉ። አውራ ዶሮው ውጭ ቆሞ ያያል! ጭልፊትም ቢመጣ መሸሸጊያ አገኙ ማለት ነው። በአንድ ቅርጫት ሁለት ጥቅም።

ውኃው በዝርግ ሳሕን ይሁን። በውስጡ ንጹሕ ጠጠሮች አድርጉ። ጫጩት ገብታ እንዳትሰጥም ነው። ውኃው በየቀኑ ይቀየር። ሳሕኑም ይታጠብ።

ሙቀቱን ለማወቅ ጫጩቶቹን ተመልከቱ። ተደራርበው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል። ክንፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል። ተበታትነው የሚለቅሙ ከሆነ ተስማምቷቸዋል።

እናት ዶሮ ካለች ሙቀቱን እሷ ትሰጣለች። ኮምቦልቻ ካለው የዶሮ ብዜት ማዕከል ወይም ከሌላ ቦታ የሚመጡ የተሻሻሉ ጫጩቶች ግን እናት የላቸውም። ለነዚህ በአገራችን ጅማ ላይ ተሞክሮ የታወቀ ዘዴ አለ፤ የጭድ ሣጥን ይባላል። በሣጥኑ ውስጥ ዙሪያውን ደረቅ ጭድ ወይም ሣር ይጠቀጠቃል። መካከሉ እንደ ጎጆ ክፍት ይተዋል። ማታ ጫጩቶቹ እዚያ ይገባሉ። ከላይ ጭድ የሞላ ጆንያ ይደፋል። አየር መግቢያ ግን ይተውለት። እሳት አያስፈልገውም። የራሳቸው ሙቀት በጭዱ ታግዶ ያሞቃቸዋል። ጭዱ ሲረጥብ ይቀየር።

6. ሻጋታ መርዝ ነው

ብዙ ሰው የሻገተ እህል ሲያገኝ ‹‹ይህ ለሰው አይሆንም፣ ለዶሮ ስጡት›› ይላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ታሪክ እንንገራችሁ።

ፈረንጆች ተርኪ የሚሉት ትልቅ የዶሮ ወገን አለ። አንገቱ ራቁቱን ነው፤ ቀይ ሥጋ ይንጠለጠልበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተርኪ ጫጩቶች በድንገት ያልቁ ጀመር። መቶ ሺህ ያህል አለቁ። በሽታው ምን እንደሆነ ስላልታወቀ ስም እንኳ አልነበረውም። በኋላ ሲመረመር ጥፋቱ የተገኘው በምግባቸው ውስጥ ነው። ከውጭ አገር የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሻግቶ ነበር። ከሻጋታው መርዝ ወጣ። መርዙ አፍላቶክሲን ተባለ። ጉበት ያበላሻል። ሰውንም ይጎዳል።

ይህ መርዝ በእንግሊዝ አገር ብቻ አይደለም። እርጥበትና ሙቀት ባገኘ እህል ሁሉ ሊኖር ይችላል። ጉድጓድ ውስጥ ቆይቶ የሻገተ ማሽላ፣ ዝናብ ነክቶት የተቋጠረ በቆሎ፣ በእርጥብ ጓዳ የተቀመጠ ፋጉሎ ለጫጩት አይሰጥ። ማጠብም መቁላትም መርዙን አያጠፋውም። ፋጉሎ ስትገዙ አሽትቱት። የሻጋታ ሽታ ካለው ተዉት።

ተርኪ ሌላም ትምህርት ይሰጠናል። የተርኪ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት ይልቅ ብዙ ገንቢ ምግብ ትፈልጋለች፤ ከመቶው 28 እጅ ገደማ። ደግሞም ምግብ ፊቷ ተቀምጦ ሳታውቀው በረሃብ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ አርቢዎች ምግቡ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ያደርጋሉ፤ ጣታቸውንም እየነካኩ ያሳዩዋታል። እናት የሌላት የዶሮ ጫጩትም እንዲሁ ናት። በመጀመሪያው ቀን ምንቃሯን ውኃ ውስጥ ነከር አድርጉላት። ምግቡን በጣታችሁ ቆርቆር እያደረጋችሁ አሳዩዋት። አንዷ ካወቀች ሌሎቹ ያዩባታል። ተርኪ የሚያረባ ሰው ካለ ደግሞ ከዶሮ ጋር አያቀላቅል። ዶሮን ብዙም የማይጎዳ፣ ተርኪን ግን የሚገድል በሽታ ከዶሮ ይተላለፍበታል።

7. ምግብ የማያድነው በሽታ

ጥሩ የበላች ጫጩት በሽታን ትቋቋማለች። ለፈንግል ግን ምግብ አይበቃም። ፈንግል ከመጣ ትልቁንም ትንሹንም ይጠርጋል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። ለጫጩት የመጀመሪያው በዓይን ጠብታ ይሰጣል። በቀበሌያችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። አንድ ቤት ብቻ ቢያስከትብ አይበቃም፤ ጎረቤት ሁሉ በአንድ ቀን ያስከትብ።

ሌላው ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ነው። ከሦስተኛው ሳምንት ወዲህ ይበረታል። የሚመጣው በእርጥብና በቆሸሸ ወለል ነው። ይህ መድኃኒት አለው፤ ቶሎ ለባለሙያ ንገሩ። ኩሱን ጥረጉ፤ ወለሉን አድርቁ።

8. ደብተሩን እናውጣ

አሁን ወደ ትምህርቱ ዋና ነገር ደረስን። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም። ንብረታችንን ለማወቅም ነው። በደብተራችሁ ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

ጥቅምት 10 ቀን፤ የተፈለፈሉ 12።
ጥቅምት 13 ቀን፤ የሞተ 1፤ ምክንያት፦ ብርድ፤ የቀሩ 11።
ኅዳር 4 ቀን፤ የሞቱ 2፤ ምክንያት፦ ደም ያለው ተቅማጥ፤ የቀሩ 9።

ይህ ምን ይጠቅማል? ደብተሩ ይነግራችኋል። ሞቱ በመጀመሪያው ሳምንት ከበዛ ብርድን ወይም ረሃብን ጠርጥሩ። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ከተቅማጥ ጋር ከሆነ ወለሉን እዩ። ትልቁም ትንሹም ባንድ ጊዜ ካለቀ ፈንግልን ጠርጥሩ። ሳትሞት ቀን ለቀን የምትጠፋ ከሆነ ጭልፊት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የሚደፈነው ቀዳዳ የቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያልተጻፈ ግን ‹‹ዕድሏ ነው›› ተብሎ ይቀራል።

ዶሮ የምታቅፉበትንም ወር ምረጡ። በክረምቱ ዝናብና ጭቃ መካከል የተፈለፈለ ጫጩት ብዙ ይሞታል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ አዝመራ ሲሰበሰብ የተፈለፈለው ደረቅ መሬትና ጥራጊ ያገኛል።

መልመጃ

1. ጫጩት ከእንቁላል ይዛው የምትወጣው ስንቅ ስንት ቀን ያቆያታል?
2. ጉልበት ሰጪ የሆኑ ሁለት ምግቦች፣ ገንቢ የሆኑ ሁለት ምግቦች ጻፉ።
3. የሻገተ እህል ለጫጩት የማይሰጠው ለምንድን ነው?
4. ሒሳብ፦ ለ12 ጫጩቶች በአራቱ ሳምንታት በድምሩ ስንት ስኒ ምግብ ያስፈልጋል? (ሳምንት 7 ቀን ነው። መልሱ 98 ስኒ ነው። አምስት ኪሎ ያህል ቢሆን ነው። አሁን ይህን ከስድስት ዶሮ ዋጋ ጋር አስተያዩት።)

የቃላት ትርጉም

ፋጉሎ፦ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀር የኑግ ወይም የሌላ ቅባት እህል ቂጣ።
ፕሮቲን፦ ሰውነት የሚገነባ የምግብ ክፍል።
አፍላቶክሲን፦ ከሻጋታ የሚወጣ መርዝ።

ወገኖቻችን፣ ሁሉን ነገር በአንድ ቀን መጀመር አይቻልም። ዶሯችሁ ታቅፋ ከሆነ ዛሬ ቀኑን ጻፉ። 21 ቀን ቁጠሩ። እስከዚያ ቅርጫቱን፣ ሳሕኑንና አሥሩን ስኒ አዘጋጁ። ገና ላላነበበ ጎረቤት ይህን ጽሑፍ አንብቡለት። በሚቀጥለው ዓመት ‹‹ስንት ፈለፈለች? ስንቱ ደረሰ?›› ተብላችሁ ስትጠየቁ፣ ደብተራችሁን ገልጣችሁ መልሱ።